በድንጋይ ዱቄት ውስጥ የቀረ ድምፅ፦ የ1938ቱን የማህለር ዘጠነኛ እንዴት እንስማው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ክላሲካል ሙዚቃ መስማት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የአቀናባሪውን የጉስታቭ ማህለርን ዘጠነኛ ሲምፎኒ በአዲስ ቅጂ ሰምቼ በጣም ወደድኩት። አንድ ጓደኛዬ ግን ‹ብሩኖ ዋልተር በ1938 ቪየና ላይ የመራውን ካልሰማህ ገና ነህ› አለኝ። ታድሶ የወጣውን ገዛሁ። ሽሽ ይላል። ሰው ያስላል። ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ተጫዋቾቹም አንዳንድ ቦታ ይሳሳታሉ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋሁት። ችግሩ ጆሮዬ ነው ወይስ ሰው በዝናው ብቻ ነው የሚያደንቀው? ታደሱ የሚባሉትም ቅጂዎች ብዙ ናቸው። የቱን ልምረጥ?»

ጆሮዎ ምንም አልሆነም። የዘረዘሩት ሁሉ ቅጂው ላይ አለ። ጓደኛዎም ግን አልዋሸዎትም። የእኔ እንጀራ ይኸው ነው፤ አሮጌ ሸክላ፣ የቴፕ ክርና ካሴት አድሳለሁ። ይህን ቅጂ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ስሰማው ኖሬያለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ያ ሽሽ የሚለው፣ እኛ ባለሙያዎቹ ኖይዝ የምንለው ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ። ብዙ ሰው ሸክላው ስላረጀ የመጣ ይመስለዋል። ከፋብሪካ በወጣበት ቀንም ግን ይኸው ድምፅ ነበረው። እኛ በአማርኛ ሸክላ እንበለው እንጂ የዚያ ዘመን ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው። ሙጫው የሚገኘው በህንድና በአካባቢው ዛፍ ላይ ከሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ለብቻው ስለማይበቃ የተፈጨ ድንጋይ ይቀላቀልበታል። ድንጋዩ ሌላም ሥራ ነበረው። የብረቱን መርፌ እየሞረደ ከሸክላው መስመር ቅርጽ ጋር ያስማማዋል። እንግዲህ እርስዎ የሰሙት መርፌ በድንጋይ ዱቄት ላይ ሲሄድ ነው።

ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ሰው ሲያጫውትዎ አስታውሱ። መጀመሪያ የሚሰማዎት ዝናቡ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወሬውን ብቻ ይሰማሉ። ዝናቡ ግን አላቆመም። አሮጌ ሸክላም እንደዚያው ነው። ጆሮ ለመልመድ ደቂቃዎች ያስፈልጉታል። እርስዎ ሦስቱንም ጊዜ የተነሡት ጆሮዎ ዝናቡን ሳይለምድ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ገደማ በርሊን ላይ ያስቀረጿቸውን ሸክላዎች ሰምተው ከሆነ ይህን ያውቁታል። እነዚያ ከማይክሮፎን ዘመን በፊት የተቀረጹ ናቸው። ድምፃቸው ከዚህ በጣም ይጠባል። ሁለት ዘፈን ያህል ከሰሙ በኋላ ግን የሚቀረው የሰውየው ድምፅ ብቻ ነው።

ታዲያ ዛሬ ኮምፒውተር እያለ ኖይዙ ለምን ጨርሶ አይጠፋም? ይጠፋል። ማጥፋቱማ ቀላል ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው የአባቱን የመሰንቆ ቅጂ አመጣልኝ። ኖይዙን ጥርግ አድርጌ አወጣሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውየው መጥቶ ሰማ። ዝም አለ። ከዚያ «የደጋኑ ድምፅ የት ሄደ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። የደጋኑ ጭራ የመሰንቆውን ጭራ ሲፈትግ የሚሰማው ያ ሸካራ ድምፅ የለም። እሱም የሚኖረው እዚያው ኖይዙ ባለበት ከፍተኛ ሞገድ ላይ ነው። እንክርዳዱን ስነቅል ስንዴውንም ነቅዬዋለሁ። ዋናው ቅጂ ሳይነካ ተቀምጦ ስለነበር ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ሠራሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማደስ ለእኔ ምን ላቆይ እንጂ ምን ላጥፋ የሚል ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ቪየና እንሂድ።

ማህለር ዘጠነኛውን የጻፈው በ1909 እና በ1910 መካከል ነው። በሜይ 1911 ሲሞት ሲምፎኒው ገና አንድ ጊዜም አልተጫወተም ነበር። በጁን 1912 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ብሩኖ ዋልተር ነው። ዋልተር ከ1894 ጀምሮ ሃምቡርግ ውስጥ በማህለር ሥር ሠርቷል። በ1901 ቪየና ኦፔራ የመጣውም የእሱ ረዳት ሆኖ ነው። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆኑ ጀርመን ውስጥ መሥራት ስላልቻለ ኦስትሪያን መጠጊያ አደረገ።

ጃንዋሪ 16 ቀን 1938፣ እሁድ፣ ሙዚክፌራይን በሚባለው የቪየና አዳራሽ ውስጥ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ይህን ሲምፎኒ መራ። የእንግሊዙ ኤችኤምቪ ኩባንያ ኮንሰርቱን ሕዝብ በተቀመጠበት ቀረጸው። ከጀርባ የነበረው ሰው ፍሬድ ጋይስበርግ ነው፤ በ1902 ሚላን ላይ ዝነኛውን የኦፔራ ዘፋኝ ካሩሶን የቀረጸው ያው ሰው። ከዚያ በፊት ዘጠነኛውን በሸክላ ያወጣ አልነበረም። የመጀመሪያው ይህ ነው።

የቫዮሊኖቹ አለቃ ወንበር ላይ የነበረው አርኖልድ ሮዜ ነበር። ዕድሜው 74። ያንን ወንበር የያዘው በ1881 ነው። የማህለርን እህት ዩስቲነን ያገባ፣ ማህለር ራሱ በመሪነት በቆመባቸው ዓመታት ሁሉ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው ነው።

ከኮንሰርቱ 55 ቀን በኋላ፣ ማርች 12፣ የሂትለር ጦር ኦስትሪያ ገባ። ዋልተር ያን ጊዜ አምስተርዳም ነበር፤ በስደት ቀረ። ሮዜ ከኦርኬስትራው ተባረረ። ሚስቱ በዚያው ዓመት ሞተች፤ እሱ በ1939 ለንደን ገባ። ልጁ አልማ፣ እሷም ቫዮሊን ተጫዋች፣ አውሽቪትዝ ውስጥ የእስረኛ ሴቶችን ኦርኬስትራ ስትመራ ቆይታ በ1944 እዚያው ሞተች። ከኦርኬስትራው አባላት መካከል ሰባቱ በካምፕና በናዚዎች ማሳደድ ሰበብ አልቀዋል።

ይህን ታሪክ የማወራው እንዲያዝኑ ብቻ አይደለም። እንዲያውም የመጀመሪያውን ጊዜ ታሪኩን ወደ ጎን ትተው ቢሰሙት እመርጣለሁ። አሳዛኝ ታሪክ ደካማ ቅጂን ጥሩ አያደርገውም። እዚህ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ማህለርን በአካል ያወቁ ሰዎች፣ በእጃቸው የለመዱትን አጨዋወት ይዘው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገናኝተዋል። ከ55 ቀን በኋላ ያ ስብስብ ተበትኗል። ያ እጅ የቀረልን እዚህ ነው።

እጁን ለመስማት ከመጀመሪያው ክፍል አይጀምሩ። በቀጥታ ወደ አራተኛው፣ ወደ አዳጆው ይሂዱ። ክፍሉ የሚከፈተው ቫዮሊኖቹ ብቻቸውን በሚያሰሙት ሰፊ ጥሪ ነው። ከዚያ ክሮቹ፣ ማለትም ባለ ክር መሣሪያዎቹ በሙሉ ይገባሉ። ቫዮሊኖቹ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ጣታቸውን አያነሡም። ያንሸራትቱታል። በሙያው ቋንቋ ፖርታሜንቶ ይባላል። መሰንቆ የሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ጣት ክሩ ላይ እየተንሸራተተ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለውን መንገድ ሲያሰማ ማለት ነው። ዛሬ ያሉ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ይህን በብዛት ትተውታል። ንጹሕ፣ የተቆረጠ ሽግግር ይመርጣሉ። እርስዎ የወደዱት አዲስ ቅጂም ሳይሆን አይቀርም እንደዚያ ነው። እዚህ ግን መላው የቫዮሊን ረድፍ እንደ አንድ አልቃሽ ይንሸራተታል። ሁሌም አይደለም። መቼ እንደሚያንሸራትቱና መቼ እንደሚተዉ ልብ ይበሉ። ሐዘኑ የሚነገረው በዚያ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነቱ ነው። ዋልተር አዳጆውን በ18 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። አሜሪካዊው መሪ ሊዮናርድ በርንስታይን በ1980ዎቹ ወደ 30 ደቂቃ ወስዶበታል። ዋልተር ራሱ በ1961 አሜሪካ ውስጥ ሲምፎኒውን እንደገና ሲቀርጽ ጠቅላላው ከ80 ደቂቃ አልፏል፤ የ1938ቱ 70 ደቂቃ አካባቢ ነው። የ1961ዱ ስቴሪዮ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን የሽማግሌ ትዝታ ነው። የ1938ቱ መርዶው ዛሬ እንደተነገረው ሰው ይሄዳል፤ ለማልቀስ እንኳ አይቀመጥም። አዳጆ ማለት ዝግ ያለ ማለት ነውና ብዙ መሪ እዚህ ቦታ ላይ ሙዚቃውን ያቆመዋል። ዋልተር ዜማው እንዲተነፍስ ይለቀዋል።

«ይሳሳታሉ» ላሉት፣ አዎ ይሳሳታሉ። በተለይ ሦስተኛው ክፍል፣ ሮንዶ ቡርሌስኬ የሚባለው፣ ቁጡና ጥድፊያ የበዛበት ነው። አንዱ መሣሪያ ቀድሞ ሌላው ወደ ኋላ ሲቀር ይሰማል። ዛሬ አንድ ቅጂ ከብዙ ሙከራ ተቆራርጦ ተሰፍቶ ይወጣል። ያን ቀን መቀስ የሚባል ነገር የለም። ሰም ላይ የተቀረጸ ተቆርጦ አይቀጠልም። ለእኔ ያ መንገዳገድ ክፍሉን አይጎዳውም። ሙዚቃው ራሱ ሊወድቅ ያለ ሰው ሩጫ ነው። ይልቅ መሐሉ ላይ ጥድፊያው ድንገት ቆሞ መለከቱ ብቻውን የሚዘምርበትን ቦታ ይጠብቁ። እዚያ ላይ የምትሰማ ትንሽ የምትጠቀለል ዜማ አለች። የአዳጆው ዋና ዜማ የሚገነባው በእሷ ነው። አዳጆውን አስቀድመው ከሰሙ ያውቋታል። ከአዳጆው ይጀምሩ ያልኩትም ለዚህ ጭምር ነው።

አሁን ስለ ማደሱ ላውራ፤ የምርጫው መልስ ያለው እዚህ ነው።

የ12 ኢንች ሸክላ አንድ ገጽ ከአራት ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ይህ ሲምፎኒ በ10 ሸክላ፣ በ20 ገጽ ወጣ። ኮንሰርት ደግሞ ሸክላ እስኪቀየር አይጠብቅም። አንዱ መቅረጫ ሰሙን ሊጨርስ ሲል ሁለተኛው ይነሣል። በዘመኑ ሸክላውን የገዛ ሰው በየአራት ደቂቃው ዜማው መሐል ላይ ይቋረጥበት ነበር። አዳሹ እነዚህን ሃያ ቁራጮች አንድ ወጥ አድርጎ መስፋት አለበት። ስፌቱን የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ሙዚቃው ሳይሆን ኖይዙ ነው። የአንዱ ገጽ ኖይዝ ቀጭን፣ የሌላው ወፍራም ይሆናል። ጥሩ አዳሽ ኖይዙን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ያኔ ጆሮ ይረሳዋል። ዝናብ የሚረብሸው በድንገት ሲጠነክርና ሲቆም ነው።

ከዚያ በፊት ግን ብዙ ሥራ አለ። መጀመሪያ ያልተጎዱ ሸክላዎች ይፈለጋሉ። አንዱ ገጽ ከአንዱ ስብስብ፣ ሌላው ገጽ ከሌላ ሊመጣ ይችላል። ሸክላው ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ውኃ ይዞ ይታጠባል። አልኮል አይነካውም፤ ሼላኩን ያሟሟዋል። ቀጥሎ መርፌ ይመረጣል። የዚህ ዘመን ሸክላ መስመር ከኋለኞቹ የቪኒል ሸክላዎች በሦስት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። የድሮ ሰዎች በብረት መርፌ ደጋግመው ስለተጫወቱት የመስመሩ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ተበልቷል። አዳሹ ትንሽ ወፈር ወይም ቀጠን ያለ መርፌ ያስገባና ያልተበላውን ከፍታ ይፈልጋል። የተረገጠውን መንገድ ትቶ ዳሩን መሄድ ነው። ለዚህ አምስት ስድስት መርፌ መሞከር የተለመደ ነው። በእኔ እምነት ከኮምፒውተሩ ሥራ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ጥሩ መርፌ ያላወጣውን ድምፅ ምንም ፕሮግራም አያመጣውም።

ፍጥነቱም አለ። ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል ይባላል እንጂ የየማሽኑ ይለያያል። ስድስት በመቶ ከፈጠነ ሙዚቃው ግማሽ ቶን ከፍ ይላል። የሰዎቹ ትንፋሽም አብሮ ይቸኩላል። ጠቅ ጠቅ የሚሉት ጭረቶች ደግሞ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። እነሱን ማንሳት ጉዳት የለውም፤ እያንዳንዱ ከሰከንድ ሽራፊ አይበልጥም። አደጋው ያለው ያንን ያልተቋረጠ ሽሽታ ማውጣት ላይ ነው።

እንግዲህ የቱን ልምረጥ ላሉት። እንዲህ ያረጀ ቅጂ አውሮፓ ውስጥ የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ የተለያዩ ኩባንያዎች ከየራሳቸው ሸክላ አድሰውታል። የአንዱን ስም ጠርቼ ከምልክዎ ራስዎ መለየት ቢችሉ ይሻላል። ኢንተርኔት ላይ ናሙና አለ። ሁለት ቦታ ይስሙ።

አንደኛው ሳሉ ነው። የሚያናድድዎትን ሳል አሁን ይጠቀሙበት። ሰው ሲያስል አዳራሹ ይመልሳል። ጥሩ እድሳት ላይ ሳሉ ስለት አለው። ከየት በኩል እንደመጣ ባይታወቅም ሰፊ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ይታወቃል፤ ጭራው ቀስ ብሎ ይጠፋል። ከመጠን በላይ የተጠረገው ላይ ሰውየው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ያስላል። ሳሉ ከታፈነ ቫዮሊኖቹም ታፍነዋል። ድምፁ «ከጣሳ ውስጥ» መሰለኝ ያሉኝ ነገር ያጠራጥረኛል። በ1938 ሸክላ ላይ በጣም ቀጭኑ ድምፅ እንደማይገኝ የታወቀ ነው። ጣሳ ግን የለበትም። እርስዎ የገዙት ከመጠን በላይ የታጠበ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው የመጨረሻው ገጽ ነው። አዳጆው ሲያልቅ ክሮቹ ብቻ ይቀራሉ፤ ድምፃቸውም ታፍኖ። ማህለር ኖታው ላይ «እየሞተ» ብሎ ጽፏል። ቫዮሊኖቹ ቀደም ሲል ስለሞቱ ልጆች ከጻፈው መዝሙር አንድ ስንኝ ይጠቅሳሉ። የራሱ ልጅ ማሪያ በ1907 ሞታለች። ከዚያ በኋላ ዜማው ክር በክር ይበጠሳል። አንድ ኖታ፣ ዝምታ። ሁለት ኖታ፣ ዝምታ። የመጨረሻውን ቃል ቪዮላዎቹ፣ ከቫዮሊን ወፈር ያለ ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎች፣ ይናገሩታል።

እዚህ ላይ ሙዚቃው ከኖይዙ በታች ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። ሁሉንም ኖይዝ አጥፋ ብለው ያዘዙት እንደሆነ ቪዮላዎቹን አብሮ ያጠፋል። ኖታዎቹ መካከል ያለው ዝምታም ባዶ ይሆናል፤ ልክ መብራት እንደጠፋ። ጥሩ እድሳት ላይ ግን ዝምታው ውስጥ ክፍል አለ። ትንፋሹን የያዘ ሕዝብ አለ። ኖይዙ ይቀጥላል፣ በእሱ ሥር ደግሞ ቪዮላዎቹ እንደ ሩቅ መብራት ይታያሉ። ሁለት ናሙና አስተያይተው እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሽሽ የሚለውን ይግዙ። ሌላውን ነገር ሁሉ ቢረሱ ይህን አይርሱ።

እቤት ሲሰሙት ስልክዎ ላይ ያለውን የድምፅ ማሳመሪያ ሁሉ ያጥፉ። ቅጂው ሞኖ ነው፣ ከየስፒከሩ የሚወጣው ያው አንድ ድምፅ ነው፤ ሁለት ስፒከር ካለዎት እርስ በርስ አቀራርበው ያስቀምጡ። ድምፁን የሚያስተካክሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አዳጆው መጀመሪያ ላይ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ። በየቦታው እየተነሡ ከፍ ዝቅ አያድርጉ። ኖይዙን አስታውሶ የሚመልስዎት ያ ነው። አዳጆውን ለብቻው ሁለት ሦስት ቀን ይስሙት። ከዚያ አንድ ምሽት 70 ደቂቃ ያግኙና ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ቼሎና ሆርን አንዲቱን ኖታ እየተደናቀፉ ይቀባበሏታል። ሃርፑ አራት ኖታ ይጥላል። ሁለተኛዎቹ ቫዮሊኖች በሁለት ኖታ ይተነፍሳሉ፤ ከላይ ወደ ታች። እዚያች ትንፋሽ ላይ ሲደርሱ የሮዜ ጓዶች ጣታቸውን ያንሸራትቱ እንደሆን ያዳምጡ።